ጠርዝ ላይ የበራችው ነጥብ

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ሲሠሩ፣ ከ«እንደምን አደርሽ» ያለፈ ቃል ከባልደረባዋ አፍ አልወጣም። እሷም በሆዷ «ኩሩው» የሚል ስም አወጣችለት። የባሰው ደግሞ፣ ኩሩው ፈገግ ባለ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ማለቱ ነው።

ሥራቸው ከትናንሽ ጋላክሲዎች የሚመጣ የኤክስሬይ ጨረር መፈለግ ነው፤ ጨረሩ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ እየዋጠ የሚኖር ጥቁር ጉድጓድ መኖሩን ይጠቁማል። አንዱ የሌላውን ዓይን እንዳይከተል፣ ያንኑ ምስል ለየብቻ መርምረው ውጤታቸውን በፖስታ አሽገው ያስረክባሉ። እስከዚያ ስለ ሥራው ማውራት ክልክል ነው።

ዛሬ ፖስታው ይከፈታል። ሁለቱ የሚስማሙባት አንዲት ጋላክሲ ካልተገኘች ፍለጋው ይዘጋል፤ እሷም አጎቷ ወዳገኘላት የቢሮ ሥራ ትሄዳለች።

እሷ የመዘገበችው አንዲት ብቻ ነው። ያችም ጋላክሲ ጣጣ አላት፤ የኤክስሬይ ነጥቧ የምታበራው መሃሏ ላይ ሳይሆን ጠርዟ ላይ ነው። ጥቁር ጉድጓድ መሃል ላይ ነው የሚፈለገው ተብሎ ያልተማረ የለም። ሦስቴ ሰርዛ ሦስቴ መለሰቻት። በመጨረሻ «የሚስቅ ይሳቅ» ብላ አሸገችው።

ኃላፊያቸው የእሷን አነበቡ። የእሱን ቀደው አዩና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡ።

«ሁለታችሁም ያችኑ ጠርዝ ላይ የምታበራዋን ነው የመዘገባችሁት» አሉ በመጨረሻ። «ትንሽ ጋላክሲ እኮ ጉድጓዱን መሃል ላይ አጥብቆ የሚይዝበት ክብደት የለውም። በሉ፣ ፍለጋው ይቀጥላል።»

ኃላፊው ሲወጡ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ግን ምን አድርጌህ ነው እንዲህ የዘጋኸኝ?»

አንገቱን ደፋ። «ማውራት ከጀመርኩ አላቆምም ብዬ ነዋ። ያችን ነጥብ ያየሁ ቀን ዞሬ ‹ነይ እዪ› ልልሽ ምንም አልቀረኝም። ብልሽ ደግሞ የሁለታችንም ልፋት ገደል ይገባል።»

«ስለ ነጥቧ ብቻ ነው ልታወራኝ የፈለግከው?»

«ስለሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ያስጨንቀኝ ነበር።»

ደስታዋ አላስቀምጥ አላት። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እንግዲህ አሁን ከልካይ የለህም። አውራ።»

«እወድሻለሁ» አላት። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ ያጠራቀመው ወሬ ሁሉ ድራሹ ጠፋበት።

«ለዚህች ቃል ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ያስጠበቅከኝ?» አለችና እየሳቀች እጁን ያዘችው። «እኔም።»