ጠባሳ የሌለው ልብ

እንዳላማው ሰኞ ጠዋት በቤተ ሙከራው ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። የግራ እጅጌው በሥርዓት ተጠቅልሏል፤ ክንዱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ፣ አጠገቡ ባዶ ስሪንጅና የጣቢያው አዲስ መድኃኒት የነበረበት ባዶ ብልቃጥ። ደብረ ማርቆስ ዳር ባለው የልብ ምርምር ጣቢያ የመድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው ነበር።

ኢንስፔክተር ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብላ ስታይ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ውበቱ ከበላይዋ ቆመ።

«እህቴ፣ ድካምሽን ልቀንስልሽ። ልቡን ያመው ነበር። መድኃኒቴን ሰርቆ ራሱን ወጋ። የማይም ነገር እንዲህ ነው።»

«መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?»

«ብነግርሽስ ይገባሻል?»

«ይሞክሩኝ።»

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። የልብ ደም ሥር ሲደፈን ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ጠባሳ ይሆናል። መድኃኒቱ የእድገት ፕሮቲን ነው፤ ከጠባሳው ዳር ያለው የልብ ሥጋ ላይ ሲወጋ፣ ከነባሮቹ ሥሮች አዳዲስ ቀጫጭን ሥሮች ያበቅላል። «በበግ አሳይቻለሁ» ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን የልብ ፎቶግራፍ በአገጩ አመለከታት። ሥጋው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው።

«ጠባሳውንስ ያጠፋዋል?»

«ጠባሳማ አይጠፋም። አይገባሽም አላልኩሽም?»

ማንጠግቦሽ በልቧ ናቀችው። የሚንቅ ሰው ብዙ እንደሚያወራ ታውቃለች።

«የእንዳላማውን የማቀዝቀዣ መዝገብ አንብበውታል?»

«የሱን ጫር ጫር የማነብበት ጊዜ የለኝም።»

በጣቢያው መርዝ የሚቀመጥበት ቁምሳጥን አለ፤ ቁልፉ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ ዶክተሩ፣ ረዳቱ ቀድሪያና የእንስሳት ሐኪሙ ዓባይ።

ቀድሪያ ዓይኗ ቀልቶ «ጋሽ እንዳላማው አይሰርቅም» አለች። «ደግሞ ምኑን ይሰርቃል? ባለፈው ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ፕሮቲኑ በሙሉ ተበላሽቷል። መዝገቡ ላይ ጻፈው፣ እኔና ዓባይ ፈረምን።»

«ለዶክተሩስ?»

«አዲስ አበባ ነበሩ። ቢኖሩስ መቼ ይሰሙናል?»

ዓባይ በበኩሉ «በጎቹን የምንገድልበት ፖታሲየም አንድ ጠርሙስ ጎድሏል፤ ልብ ያቆማል» አላት። «እንዳላማው ደግሞ እሑድ ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ስለ ፎቶው እጠይቃቸዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

ረቡዕ ሦስቱንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መበላሸቱን በእጁ የጻፈ ሰው ያንን ብልቃጥ ራሱን አይወጋበትም። በስሪንጁ የቀረው ጠብታም ፖታሲየም ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሌላ ሰው ገደለውና ብልቃጡን አጠገቡ አኖረ። ቀድሪያና ዓባይ መድኃኒቱ ከንቱ መሆኑን ያውቃሉ፤ ለማሳሳት ቢፈልጉ እሱን አይመርጡም። የመረጠው መዝገቡን ያላነበበው ነው።»

ዶክተሩ ሳቀ። «በምን ምክንያት?»

«ጠባሳ አይጠፋም ብለውኛል። በፎቶው ላይ ግን ጠባሳ የለም፤ ታሞ የማያውቅ በግ ልብ ነው። እንዳላማው ይህን አይቶ ጠየቀዎት። ትግል አልነበረም፤ እጅጌው እንኳ አልተጨማደደም። ለልብህ ማስታገሻ ልስጥህ ብለውት፣ ሐኪም አምኖ ክንዱን ዘረጋልዎት።»

«የሃያ ዓመት ልፋቴን ማቀዝቀዣ ጠባቂ ያፍርሰው?» አለ ዶክተሩ።

ማንጠግቦሽ አንቱታዋን ተወች። «ቅደም» አለችው፤ ፊቷን አዙራ በሩ ላይ ለሚጠብቁት ፖሊሶች ሰጠችው።

የሟች ሚስት ታየች ግቢው በር ላይ ቆማለች። ሰፈሩ ከሰኞ ጀምሮ የሌባ ሚስት ብሏታል። ማንጠግቦሽ የታየችን ሁለት እጆች ያዘች።

«እትዬ ታየች፣ ባለቤትዎ አልሰረቁም። ዶክተሩ ነው የገደላቸው።»

ታየች ወደ ሰፈሯ ዞራ ተመለከተች።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ» አለች፣ «ይህንኑ በሕዝቡ ፊት ይንገሩልኝ።»

«እመጣለሁ» አለች ማንጠግቦሽ።