ይህን መስመር የነካ ሰው ይደውልልኝ

ትንሣኤን ያገኘሁት አንድ አሮጌ ዌብሳይት ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። እኔ ያንን ዌብሳይት ባሰብኩት ቁጥር ተመስገን እላለሁ።

ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ክፍል ባላት ቢሮ ውስጥ ሶፍትዌር እንሠራለን። አዲሱን ሥራ ሌሎቹ ይሻሙበታል። የሠራው ሰው የጠፋ፣ ፓስወርዱ የተረሳ፣ ነካ ሲያደርጉት የሚፈርስ ነገር ከመጣ ግን «ለሙሉጌጥ ስጧት» ይባላል። አለቃችን አለሙ ለዚህ ሥራዬ ስም አውጥቶልኛል፤ ወጌሻዋ ይለኛል። መጀመሪያ ስሙን ጠልቼው ነበር። እያደር ግን ደስ ይለኝ ጀመር።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቀን ወይዘሮ ዘነበች ደረጃውን በነጭ ዘንጋቸው እየቆጠሩ ወጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዓይነ ስውር ናቸው። የሚመሩት ማኅበር ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍትን በድምፅ ያስቀርጻል። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ያነበቡት ሁሉ ከዐሥር ዓመት በፊት በተሠራ ዌብሳይታቸው ላይ ተቀምጧል።

«ሰርቨሩ ግንቦት ሠላሳ ይዘጋል አሉኝ» አሉ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው እየተቀመጡ። «ሰኔ ላይ ደግሞ የሕግ ተማሪዎቼ የመውጫ ፈተና አለባቸው። እነሱ የሚያጠኑት በጆሯቸው ነው። ታወጪልኛለሽ ልጄ?»

«እሞክራለሁ።»

«እሞክራለሁ አትበይኝ። እስከ ዛሬ የሞከረው ብዙ ነው።»

«እሺ፣ አወጣዋለሁ» አልኩ። በምን ተማምኜ እንደሆነ እንጃ።

አሮጌ ሥራ ባለበት አይነካም። መጀመሪያ ግልባጩን ወደ ራሴ ላፕቶፕ አወርዳለሁ። ከዚያ በዘመኑ ይሠራባቸው የነበሩትን ፕሮግራሞች ከነእትም ቁጥራቸው አፈላልጌ እጭንለታለሁ፤ የለመደው ቤት ያለ እስኪመስለው ድረስ። ላፕቶፔ ላይ ቢፈርስ ማንም አይጎዳም። ይሄኛው ግን መፍረስም አልፈለገም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ አሳየኝ።

በአራተኛው ቀን ነገሩ የታነቀበትን ቦታ አገኘሁት፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር። ከአጠገቡ የሠራው ሰው ማስታወሻ ትቷል፤ «ይህን መስመር የነካ ሰው ይደውልልኝ። ትንሣኤ።» ስልክ ቁጥሩም አለ።

«ጀግና!» አልኩ ጮክ ብዬ። ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ደወልኩ። በመጨረሻ ተናድጄ መልእክት ላክሁ፤ «መስመር 312 ካልተነካ አይከፈትም፤ ከተነካ ይፈርሳል። ደውሉ ያልከው አንተ ነህ። አንሳ እንጂ!»

ሁለት ደቂቃ አልቆየም። «አትንካው። ከሱ በላይ ያለችውን አጭር መስመር አጥፋና ሞክር። ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ መለሰ።

አጠፋሁ፣ ሞከርኩ። ገጹ ተከፈተ! ሰማያዊ በሰማያዊ የሆነ፣ አስቀያሚ፣ የዐሥር ዓመት ገጽ። ከደስታዬ ብዛት እንደገና ደወልኩ። በዚህኛው ተነሳ።

«አመሰግናለሁ ልልህ ነው» አልኩት። «ወንድምህ ግን አይደለሁም።»

«ኧ?» አለ። ከዚያ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሳቅ ከሰማሁ በኋላ ለመደወል ሰበብ አላጣሁም።

ከዚያን ቀን ወዲያ ከሥራ በኋላ በስልክ ያግዘኝ ጀመር። እኔ ኮዱን አነብለታለሁ፣ እሱ ያስታውሳል። «ኧረ እባክሽ፣ እሱን እኔ ነኝ የጻፍኩት?» እያለ በራሱ ያፍራል። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ።

«እኔ መሆኔን ለወይዘሮ ዘነበች አትንገሪያቸው።»

«ለምን?»

«ተዪው ሙሉጌጥ። ዝም ብለሽ እሺ በዪኝ።»

እሺ አልኩት። ኋላ ተጸጸትኩ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ በከተማችን ሐይቅ ዳር ተገናኘን። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ላይ የአቮካዶ ችግኝ እያፈላ ይሸጣል። ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ፤ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሊደብቀው ይሞክራል። ያዘዝነው አሣ ቀርቦ ሳንነካው ቀዘቀዘ። እሱ ውኃውን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ዞር ሲል እኔ ውኃውን አያለሁ።

«ኮድ ለምን ተውክ?» አልኩት።

«ችግኝ ሲደርቅ ይታያል» አለ ቆይቶ። «ሲጠወልግ ታዪውና ውኃ ታጠጪዋለሽ። ኮድ ግን…» ብሎ ወደ ውኃው ዞረ። እኔም አልገፋሁትም። ወደ ቤቴ ስመለስ የባጃጁ ሹፌር መውረጃዬን አሳልፎኝ እስኪሄድ ድረስ ስለሱ አስብ ነበር።

ወይዘሮ ዘነበች በየሳምንቱ እየመጡ ሥራው የት እንደደረሰ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው «ድምፅሽ ተለውጧል» አሉኝ።

«ጉንፋን ይሆናል።»

«ጉንፋንስ እንዲህ ደስ አያሰኝም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ዌብሳይቱ ያጫውቱኝ ጀመር። «ይህን የሠራው ትንሣኤ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በሁለት ሺህ ሰባት ጳጉሜን ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ወደየአገሩ ሲገባ፣ እሱና ዐሥር ጓደኞቹ ቀሩልኝ። በአንዲት ሞቃት ክፍል ተዘግተው፣ በስድስት ቀን ውስጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ ሰባት አንቀጽ! ጉሮሯቸው ሲዘጋ በር ላይ ሆኜ እሰማቸው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«በእንቁጣጣሽ ጠዋት ገጹን ከፈቱት። የስድስቱ ቀን ንባብ የለም። ያን ሳምንት መብራት ይጠፋ ይመጣ ነበርና ማሽኑ በላው ተባለ። ልጁ ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› ብሎ ወጣ። ወጥቶ ቀረ። ስንት ጊዜ ደወልኩለት መሰለሽ! አንስቶልኝ አያውቅም።»

«ተቆጥተውት ነበር?»

«እኔ? ስንት ያነበበልኝን ልጅ? የከፋኝ መሸሹ ብቻ ነው።»

የዚያኑ ቀን ማታ ለትንሣኤ ደውዬ የሰማሁትን ነገርኩት። አልተቆጡህም፣ ሂድና አነጋግራቸው አልኩት።

«ዐሥራ አንድ ሰው እንቁጣጣሽን ትቶ ነው የለፋው» አለ። «በምን ፊቴ?» ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል አላነሳም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። እኔንም እንደዚያው ሊያደርገኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። መናደድም ተናደድኩ፤ እንዲያውም ይበልጥ ተናደድኩ።

ሥራው ግን ቀን ተቆርጦለታል። ሰርቨሩ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ሁሉንም ወደ አዲስ ሰርቨር ለማጓጓዝ ማዘጋጀት ጀመርኩ። አሮጌ ቤት ስለቅ መጀመሪያ ዕቃ እቆጥራለሁ፤ ልማዴ ነው። ገጹ ላይ የሚታዩት የድምፅ ፋይሎች አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ስድስት ናቸው። ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ቆጠርኩ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ! ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ከትርፎቹ አንዱን ከፈትኩ። የደከመው የወጣት ድምፅ አሳለና «የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰባ አምስት። ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ አንባቢ ትንሣኤ» አለ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። ገጹ ንባቦቹን የሚያሳየው በወር በወር ከፋፍሎ ነው። ትንሣኤ የወሮቹን ሰንጠረዥ ከፈረንጅ ናሙና ገልብጦት ኖሯል። ዐሥራ ሁለት ቦታ አገኘ፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሞላበትና ቦታው አለቀ። ጳጉሜን ቀረች። በጳጉሜን የተቀዳው ሁሉ በሰላም ተቀምጧል፤ የሚታይበት በር ብቻ አልተሠራለትም። መብራት የበላው አንዲት ቃል እንኳ የለም።

ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፋይሉን ወደ ስልኬ ገለበጥኩና ባጃጅ ይዤ ቱላ ሄድኩ።

የችግኝ ቦታውን በጥያቄ አገኘሁት። ውኃ እያጠጣ ነበር። ሲያየኝ ባልዲውን ይዞ ባለበት ቆመ።

«ሙሉጌጥ፣ እኔ…»

«ዝም በል፤ መጀመሪያ ስማ።»

ስልኬን ከፍቼ አስጠጋሁለት። የራሱን ሳል ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። አንቀጹ ተነቦ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ይሄ ጠፍቷል» አለ።

«አልጠፋም። የወሮቹን ሰንጠረዥ አየሁልህ። ጳጉሜንን ረስተሃታል።»

በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ነሐሴ ላይ ሲደርስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ነው ወይስ እያለቀሰ ለማወቅ ጎንበስ አልኩ፤ ሁለቱም ነበር።

«ሁሉም አሉ?» አለ በመጨረሻ። «የጓደኞቼም?»

«ሁለት መቶ ሰባ አራቱም አሉ። እኔ ግን እዚህ ድረስ የመጣሁት ለፋይሉ ብቻ አይደለም።» አጠገቡ አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «እወድሃለሁ ትንሣኤ። ደስ ሲለኝም ሲከፋኝም ልደውልልህ እፈልጋለሁ። ስልክ ከማያነሳ ሰው ጋር ግን መኖር አልችልም።»

ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ሆኖ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አፈር የነካው እጁን ሳይደብቅ ዘረጋልኝ።

«አነሳለሁ» አለ። «ከእንግዲህ አነሳለሁ።»

በማግስቱ አብረን ቢሮ ገባን። ወይዘሮ ዘነበች ቀድመውን ደርሰው ነበር። ትንሣኤ በሩ ላይ ቆመ፤ መግባት አቃተው።

«ማነው የቆመው?» አሉ።

«እኔ ነኝ… ትንሣኤ ነኝ።»

ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን ዘረጉ። እሱም ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። እጃቸው ጸጉሩን፣ ግንባሩን፣ ጉንጩን ዳሰሰ።

«ዐሥር ዓመት አመሰግንሃለሁ ልልህ ስደውል ኖርኩ» አሉ። «አንተ ባነበብከው ስንት ልጅ ተመርቋል መሰለህ! ስድስት ቀን ጠፋ ብለህ የቀረውን ሁሉ ረሳኸው?»

አለሙ ስልክ የተደወለለት መስሎ ኮሪደር ወጣ። እኔ ግን የምወጣበት ሰበብ አልነበረኝም፤ ፊት ለፊታቸው አለቀስኩ።

ዐሥራ ሦስተኛዋን የወር መስመር ትንሣኤ በገዛ እጁ ጻፋት። በላፕቶፔ ላይ ሞከርነው፤ ሁሉም ይታያል፣ ሁሉም ይሰማል። ከዚያ ወደ አዲሱ ሰርቨር አወጣነው። ግንቦት ሃያ ዘጠኝ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጹ ለሕዝብ ተከፈተ። አሮጌው በማግስቱ ሲዘጋ ማንም አላወቀም። የሕግ ተማሪዎቹ ሰኔን ሙሉ ሲያደምጡ ከረሙ፤ ከፈተናው በኋላ ሊያመሰግኑ እየተደዋወሉ የቢሮውን ስልክ አጨናነቁት።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ እሑድ ከሰዓት ትንሣኤ ሽማግሌ ላከ። ወይዘሮ ዘነበች ካልመራሁ ብለው፣ አለሙንና አንድ ጎረቤታቸውን አስከትለው መጡ። ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው አብሮ አይመጣም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ጓዳ ሆኜ በሩን ገርበብ አድርጌ አዳምጣለሁ።

አባቴ አቶ ገብረየስ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሥራ የሠሩ ሰው ናቸው። ነገር ሳያጣሩ አይፈርሙም።

«ታሪኩን ሰምቻለሁ» አሉ። «ልጁ ጨዋ ነው፣ አይደለም አልልም። ነገር ግን ሲጨንቀው የሚሸሽ ነው። ዐሥራ አንድ ሰው የለፋበትን ጥሎ የሄደ፣ ነገ ቤቱ ሲቸገር ልጄን ጥሎ ላለመሄዱ ዋስትናው ምንድን ነው?»

አለሙ ወደ ወይዘሮ ዘነበች ዞረ። አባቴ እምቢ ካሉ አለቀ፤ ሁለተኛ አይጠየቁም።

«ልክ ነዎት» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «የሸሸው ከእኔ ነውና ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዋስትና ግን እኔ አልሰጥዎትም። ራሱን ይጠይቁት። ቁጥሩን ልንገርዎት፤ ዐሥር ዓመት ደውዬበታለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው።»

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወይዘሮ ዘነበች አንድ በአንድ ሲጠሩላቸው ቁጥሩን ነኩ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። በዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል፣ ከግቢው በር ውጭ ስልክ ሲጮህ ሰማን። አንድ ጊዜ እንኳ ጠርቶ አልጨረሰም።

«አቤት!» የሚል ድምፅ ከስልኩም ከበሩም እኩል መጣ።

አባቴ ስልኩን ከጆሯቸው አነሱት፤ መስኮቱን አዩ፤ መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«የት ነህ አንተ?»

«በር ላይ ነኝ አባባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሽማግሌዎቹ ከገቡ ጀምሮ።»

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ጓዳው ዞሩ።

«ሙሉጌጥ! ልጁ በሰበሰ፤ ነይ በሩን ክፈቺለት» አሉ።

እኔ ግን ስሜ ሳይጠራ፣ በጓዳው የጀርባ በር ወጥቼ፣ በባዶ እግሬ፣ ግቢው መሃል ደርሼ ነበር።