ስሜን በአደባባይ

ስስቅለት አውሬልዮ ፍቅር መስሎት ነበር። እኔ ግን ቂሜን ነበር የምመግበው።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በምረቃችን ቀን፣ በከተማው አደባባይ ማይክሮፎኑን የያዘው እሱ ነበር፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ባለቤት ልጅ። ስሜ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አየት አደረገና ሳቀ።

«ይሄንንስ ምላሴ አይችለውም! ያቺ ከተራራ የመጣችው ትውጣ!»

አደባባዩ በሳቅ አውካካ።

አያቴ ኤፒፋኒያ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ ወርዳ ነበር የመጣችው። በቆሎው እሸት በያዘበት ሳምንት ስለተወለድኩ ሺሎኔን ያለችኝ እሷ ናት። ስሜ በዚያ ትልቅ ድምፅ ሲጠራ ለመስማት ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። ሰው ሁሉ ሲበተንም እንደቆመች ነበረች።

«መቼ ነው የሚጠሩሽ?» አለችኝ።

በዓመቱ ሞተች። ይህን ልጅ በሰው ፊት ላዋርደው፣ መቃብሯ ላይ ማልኩ።

ዘንድሮ በመንደራችን ሬዲዮ ዜና ሳነብ፣ የሱቃቸውን ማስታወቂያ ይዞ ከች አለ። ከዚያ በየማለዳው ምክንያት እየፈጠረ መጣ። «ቆንጆዋ» ይለኛል፣ «እመቤቴ» ይለኛል፤ ስሜን ግን አንድም ቀን አልጠራም። እልሄ ባሰ። ችግሩ፣ ሲዘገይ በር በሩን ማየት ጀመርኩ። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ሲጠየቅ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ዳቦ በቅርጫት ይዞ ይመጣል። በሦስተኛው ቅርጫቱ ከተመለሰ፣ ውርደቱ ለዘመድ አዝማድ ይተርፋል። አውሬልዮም ሽማግሌ ላከ፤ እኔም ሦስተኛውን ጠበቅኩ። አባቱ ሳይቀር መጣ።

ሽማግሌው ዶን ፋውስቲኖ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አቋረጥኳቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶን ፋውስቲኖ፤ ዛሬ እሱ ራሱ ይናገር።»

«እንዲህ ያለ ወግ አለ እንዴ?» አለ አባቱ።

«ከዛሬ ጀምሮ አለ።»

አውሬልዮ ወደ እኔ አልመጣም። ወደ አያቴ ፎቶግራፍ ሄዶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እማማ ኤፒፋኒያ፣ ያን ቀን እንደቆሙ አይቼዎታለሁ። እስከ ዛሬም ቆመው ነው የሚታዩኝ። እባክዎ ይቀመጡልኝ።» ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። «ሺሎኔን።»

«ሺ»ን ለስለስ፣ «ሎ»ን ጫን አድርጎ፤ ልክ እንደ እሷ።

ቂሜ ግን አልለቀቀኝም።

«መቼ ተማርከው?»

«ሬዲዮ ጣቢያ ገና ሳይሽ ነው ያወቅኩሽ። ከዚያ ወዲህ ስምሽን እንዲያስተምሩኝ ዶን ፋውስቲኖን ሳስቸግር ከረምኩ። ሳልችለው ፊትሽ ዳግመኛ ላበላሸው አልፈለግኩም።»

እወደው ነበር፤ ምን ይደበቃል።

«እዚህ ቤት ውስጥ የሳቀብኝ የለም» አልኩት። «ያዋረድከኝ አደባባይ ላይ ነው።»

ቅርጫቱን አልተቀበልኩም፤ አልመለስኩምም። ቅርጫቱ ደጃፍ ላይ ቀረ።

እሑድ፣ ገበያው ሲሞላ፣ አውሬልዮ በዚያው አደባባይ ማይክሮፎን ይዞ ቆመ። አባቱ ባርኔጣውን እስከ ዓይኑ ስቦታል። እኔ አያቴ የቆመችበት ቦታ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ሺሎኔን! የኤፒፋኒያ የልጅ ልጅ!»

ሰዉ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ በእሱ።

«አልተሰማኝም!» ብዬ ጮህኩ።

በደንብ ሰምቼ ነበር። ደገመው። ሦስተኛም አስደገምኩት፤ ጣፍጦኝ ነው። በአራተኛው ድምፁ ተሰበረ። ያኔ ተነስቼ ወደ እሱ ሄድኩ።

ቤት ስንደርስ ዳቦው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ትኩስ ቸኮላት ውስጥ እየነከርን በላነው። አንዱንም አልመለስኩም።