ጳጉሜን የማያውቅ ቋንቋ

ያኔ አሶሳን አቧራና ጭቃ በየተራ ይገዟት ነበር። ክልሉም ገና ልጅ ነው፤ ማኅተሙ አዲስ፣ ባንዲራው አዲስ፣ ቢሮው ግን የድሮ ቆርቆሮ። ዝናብ ሲወርድ ስብሰባ ይቆማል፤ ቆርቆሮው ከሰብሳቢው በላይ ይጮኻላ። ዛሬ በዚያ ቦታ ፎቅ አቁመዋል። ይቁም! ሂባ ግን ያን ጣሪያ የሚያህል ጣሪያ በዕድሜዋ አላየችም፤ ፍቅሯ የበቀለው ከእሱ ሥር ነውና።

ሂባ የዚያ ቢሮ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበረች። የበርታ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ ወደ እናቷ ከተማ የተመለሰች። በእጇ ያሉት ሦስት ኮምፒውተሮች እንደ ሙሽራ ዳንቴል ተከናንበው ይቀመጡ ነበር። ክፍላቸው ውስጥ ጫማ አይገባም። አቧራ ማሽን ይገድላል ስለተባለ ትልቁም ትንሹም ባለሥልጣን በካልሲ ነው የሚገባው። ስለዚህ በር ላይ የተደረደረውን ጫማ አይቶ ማን ከማን ጋር ውስጥ እንዳለ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ጋዜጣ ማን ያስፈልገዋል?

ሚፍታህ የመጣው በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ሲገባ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ልኮት፣ በእጁ ቦርሳ፣ በአገጩ ኩራት ይዞ መጣ።

«ጫማዎን» አለችው ሂባ ከበሩ።

«ምን ሆነ?»

«ይወልቃል።»

አወለቀ። የግራው ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ አለ። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው የሚታወቀው ጫማው ሲወልቅ ነው። ሂባ ሳቋን በዳንቴሉ ጫፍ ሸፈነችው።

«ሳቂ፣ ግድ የለም» አላት። «ከአዲስ አበባ ድረስ አንቺን ሊያይ ነው የወጣው።»

«ጣትህ ካንተ ይደፍራል ማለት ነው።»

ጣት ከወጣ በኋላ «እርስዎ» የሚባል ነገር የት አለ?

ሥራው እንዲህ ነበር። የቢሮው የሠራተኞች ፕሮግራም የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ አርጅቷል። አዲስ የመጡት ማሽኖች የድሮውን ቨርዥን አናስጠጋም አሉ። ቋንቋው ወደ አዲሱ ቨርዥን ከፍ ሲል ደግሞ በእሱ ላይ የተደገፈው ሁሉ አብሮ መነሣት አለበት። የቀርከሃ ቤት ምሰሶ እንደመቀየር ነው፤ አንዱን ስትነቅል ጣሪያውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሚፍታህ ይነቅላል፣ ሂባ ትይዛለች። ያልተነሣውን አብረው እያነሡ፣ የማይገጥመውን አብረው እያረሙ ቀን ከቀን ይውላሉ።

አንድ ቀን ከፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት አሮጌ ቁራጭ አገኘ። የቀን መቁጠሪያ ናት፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ልክ የሠራት።

«አዲሱ ቋንቋ ይህችን አይቀበልም» አለ። «የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። በእሱ እንሠራለን።» ቁራጯን አውጥቶ ጣላትና ወደ ሂባ ዞረ። «እስኪ እንሞክረው። ልደትሽ መቼ ነው?»

«ጳጉሜ ሦስት።»

አስገባው። ማሽኑ ጢጥ አለ፤ እንዲህ የሚባል ቀን የለም።

«እንግዲህ አልተወለድሽም» አላት።

«ታዲያ ማን ነው የሚያናግርህ?»

ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እሷ የኮምፒውተሩን ቁልፎች አየች፣ እሱ እሷን አየ።

«እዚህ ቢሮ እኮ የጳጉሜ ልጆች ብዙ ነን» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺን የመሰለች ከአንድ በላይ አትኖርም» ብሎ ሌላ ሥራ ቀጠለ።

ወንድ ልጅ ሲያሞግስ የሚነገረውን አይሰማም።

ነሐሴ እየገፋ ሄደ። ጄኔሬተሩ ሲያርፍ ማሽኖቹም ያርፋሉ፤ ሁለቱ ግን አይወጡም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጆሮ ለጆሮ ካልተጠጋጉ አይሰማሙም። መጠጋጋቱን ያመጣው ዝናቡ ነው እንበል። በር ላይ ግን ሁለት ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጦ ወሬው ገበያ ደረሰ። ገበያ ውስጥ ደግሞ የሂባ እናት ሰዕዲያ ባሚያ ትሸጣለች።

ሰዕዲያ በማግስቱ መጣች፤ ጫማዎቹን አየች፤ እንደ በግ ገዢ ቆማ መረመረቻቸው። አማርኛዋ «አንተ»ንና «እሱ»ን አይለይም፤ እሷ ግን ሰው ትለያለች።

«ይሄ ጫማ የማን ነው?»

ሚፍታህ በካልሲው ብቅ አለ። «የእኔ ነው፣ እማማ።»

«ለምን ከልጄ ጫማ አጠገብ ይቀመጣል?»

«በሩ አንድ ስለሆነ ነው።»

«በር አንድ ነው። ግድግዳው ረጅም ነው።»

ሂባ ከውስጥ ሆና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

«የማን ልጅ ነው አንተ?»

«የረጀብ። እዚሁ ከሰፋሪዎቹ አምባ።»

«የወሎ ሰው! በጭነት መኪና የመጣ!»

«መኪናው ተመለሰ፤ እኛ ቀረን፣ እማማ።»

ሰዕዲያ ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯን ገታችው። «አባትህ ቀረ። አንተ ግን አዲስ አበባ ሄደ። የሂባ አባትም እንዲህ ጥሩ ይናገራል። ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ሄዶ ይመጣል አለ፤ ወላሂ እስከ ዛሬ ይመጣል። የሚሄድ ሰው ለልጄ ማፊ!»

ማፊ ማለት የለም ነው። አሶሳ ላይ ማፊ ከተባለ ቁርጥ ነው፤ ዳኛም አይሽረው።

የነሐሴ መጨረሻ ሆነና ፕሮግራሙ በአዲሱ ቋንቋ ተነሣ። ሚፍታህ ወንበሩን ወደ ሂባ አስጠጋ።

«አውሮፕላኑ ነገ ነው፤ ጳጉሜ አንድ። አባቴን እናትሽ ዘንድ እልካለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ትመጫለሽ።»

«እናቴስ?»

«እናመጣታለን።»

«እናቴን? ባሚያዋን ማን ይሸጥላታል?» ሂባ የጣቶቿን ጫፍ አየች። «አንተ ቅር፣ ሚፍታህ።»

«እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ተነሥታ አንዱን ኮምፒውተር ዳንቴሉን አለበሰችው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጠየቀ ሰው መልስ ቢሰጡትስ ምን ይሠራበታል?

በዚያው ቀን ግቢው በሰው ተሞላ። አዲሱ ፕሮግራም የሚያወጣው የሠራተኞች መታወቂያ የሚታደልበት ቀን ነበር፤ የአዲሱ ክልል ስም የታተመበት የመጀመሪያው መታወቂያ። ዘበኛው ኮት ተውሶ መጥቷል። የጽዳት ሴቶቹ ነጠላቸውን አጥበዋል። ሾፌሩ ጺሙን ተላጭቷል። ኃላፊው አቶ ዳበሳ ስም መጥራት ጀመሩ። ጸሐፊዎቹ ተጠሩ፣ ባለሙያዎቹ ተጠሩ፣ ካርዱ አለቀ። ግማሹ ግቢ ባዶ እጁን ቆሞ ቀረ። ሂባም ከእነሱ ጋር ቆማለች።

«እኛስ?» አለ ዘበኛው። «ክልሉ አዲስ ሆኖ እኛ የለንበትም?»

ካርድ ያጡት ሁሉ ማሽኑ የማይቀበለው የጳጉሜ ልደት እንዳላቸው የታወቀው ሠራተኛ መዝጋቢው ጋሼ አበጀ ሲጠሩ ነው። ክልሉ ሲመሠረት መዝገብ የያዙት እሳቸው ናቸው።

«የልደት ቀኑን የማያውቀውን ሁሉ ጳጉሜ አንድ አልኩት» አሉ ባርኔጣቸውን እያሻሹ። «ምን ላድርግ? ቀን ፈጥሬ መስከረም ልበል፣ ሚያዝያ ልበል? የሌላ ሰው ቀን መስጠት ይከብዳል። ጳጉሜ ግን ደሞዝ የላት፣ ኪራይ የላት፣ የማንም አይደለችም። የእናንተ ትሁን አልኳቸው።»

እነሱም የእኛ ትሁን ብለው ነበር። በየዓመቱ ጳጉሜ አንድ ቀን እዚያው ግቢ ፍየል አርደው የጋራ ልደታቸውን ያከብራሉ። የበርታው፣ የሺናሻው፣ የወሎው፣ የወለጋው፤ ከአንድ ማሕፀን እንደወጣ ሰው «የጳጉሜ ልጆች» ይባባላሉ። የነገው ፍየል እንኳ እዚያው ግንድ ላይ ታስሮ ሣር እየበላ ነበር።

«ቀላል ነው» አሉ አቶ ዳበሳ ለሚፍታህ። «ሁሉንም ወደ ነሐሴ ሠላሳ አዙራቸው። ካርዳቸው ዛሬውኑ ይውጣ፤ አንተም ነገ በሰላም ግባ።»

ሚፍታህ ወደ ክፍሉ ገባ። ሂባ ተከተለችው።

«ታዞራቸዋለህ?»

«ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ሂባ። ሰዎቹ ያው ናቸው።»

«እኔንም?»

«አንቺንም… ለጊዜው።»

«ነግሬህ ነበር። ብዙ ነን አልኩህ፤ አንተ እኔን ታሞግሳለህ!» ጣቷን ወደ ግቢው ቀሰረች። «ጋሼ አበጀ ወር የሌለው ሰው ሲያገኙ ወር ፈለጉለት። አንተ ወር ያለውን ሰው ከወሩ ታወጣለህ። አውሮፕላን እንዳያመልጥህ ብለህ! ነገ እኔንም እንዲሁ ወደሚመችህ ቦታ ታዞረኛለህ።»

«ሂባ—»

«በሰላም ግባ።»

ወጣች። ሚፍታህ ከበሩ ደርሶ ሲያይ የእሱ ጫማ ብቻውን ቆሟል። ያን ጥንድ ጫማ ብዙ ቆሞ አየው። ሰው አንዳንዴ የራሱን ጫማ አይቶ ነው ብቻውን መሆኑን የሚያውቀው።

በማግስቱ ጠዋት ሂባ ወደ ቢሮ መጣች፤ ለፍየሉ እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ ለራሷ እየማለች። ዝናቡ አባርቷል። ድስቱ ተጥዷል። ሰዕዲያም ባሚያዋን በቅርጫት ይዛ መጥታለች፤ የጳጉሜ ልጆች ገንፎ ያለ እሷ ባሚያ አይበላም። ሂባ ሳታስበው ወደ በሩ አየች። የሚፍታህ ጫማ በር ላይ ነው። ደግማ አየችው። ጭቃው ደርቆበታል፤ ከትናንት አልተነካም።

ልቧ ዘለለ፤ እግሯ ግን ኩሩ ነውና አልተንቀሳቀሰም።

ጥቂት ቆይቶ አውሮፕላኑ መጣ። በግቢው ላይ ዝቅ ብሎ አልፎ አረፈ። ሁሉም ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ጫማው አየ። ፍየሉ ተገፈፈ፣ ወጡ ፈላ። አውሮፕላኑ እንደገና አጓራ፣ ተነሣ፣ በደመናው ውስጥ ጠፋ። ጫማው እንዳለ አለ።

ያን ጊዜ ሂባ ጫማዋን ከጎኑ አውልቃ ገባች።

ሚፍታህ ቀና አላለም። የጣላትን ቁራጭ መልሶ አምጥቷታል፤ የቀን መቁጠሪያዋን ከሥሯ ጀምሮ በአዲሱ ቋንቋ እየጻፋት ነው። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ስድስተኛዋ ጳጉሜ አስቸገረችኝ» አለ። «በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋ። ነይ ያዥልኝ፤ ጣሪያው ሊወድቅብኝ ነው።»

ተቀመጠች። ያዘችለት። አንድም የፍቅር ቃል አልተናገሩም፤ ከዚያ ቀን የበለጠ ግን ተነጋግረው አያውቁም። ሲጨርሱ «የመጀመሪያውን ሰው አስገቢ» አላት። ዘበኛውን አስገባች። ጳጉሜ አንድ። ማሽኑ ዝም አለ፤ ተቀበለ። ማተሚያው እየተንጫጫ ካርዱን ተፋ። ዘበኛው በመስኮት ተቀብሎ በኮቱ እጅጌ ጠረገው፤ ግቢውም እልል አለ።

በዚህ መሐል አቶ ዳበሳ መጡ። ፊታቸው ደስ አይልም። «ከአዲስ አበባ፣ ከድርጅትህ ደውለው ነበር። አውሮፕላኑን ካልያዘ ሌላ ሥራ ይፈልግ ብለዋል።»

ሚፍታህ ራሱን ነቀነቀ። ሂባ ደነገጠች። በበሩ ላይ ግን ሰዕዲያ ቅርጫቷን ታቅፋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«አውሮፕላን ሄደ» አለች። «አንተ አልሄደም?»

«አልሄድኩም፣ እማማ።»

«ሥራህ?»

«የለም።»

«ማፊ?»

«ማፊ።»

«መሄጃ?»

«እሱም ማፊ።»

ሰዕዲያ ከራሱ እስከ ካልሲው አየችው። አውራ ጣቱ ዛሬም ወጥቷል። ያን ያህል ጊዜ የገታችው ሳቅ አመለጣት፤ ቅርጫቱ ድረስ ነቀነቃት።

«ወላሂ፣ አሁን ባል ሆነ! ረጀብን ጥራ። ገንፎ ሳይበርድ ይምጣ።»

ሽማግሌ በቀጠሮ፣ በወግ፣ በማዕረግ ይላካል። የሚፍታህ አባት ግን ከአምባው በሰው ብስክሌት ተጭኖ፣ ሱሪውን ጭቃ በልቶት ደረሰ፤ ልጅሽን ለልጄ ያለውም በአንድ እጁ የፍየል ጎድን ይዞ ነው። የሚያምር ሽምግልና አልነበረም። የሚያምሩት ሽምግልናዎች ስንቶቹ ፈርሰዋል፣ ይሄኛው እስከ ዛሬ አለ።

ቢሮው ሚፍታህን የቀጠረው ብዙ ቆይቶ ነው። እስከዚያ አማቱ ባሚያ አሸከመችው፤ ገበያ ላይም «ኮምፒውተር የሚያውቅ አህያ አለኝ» እያለች ሳቀችበት። ስትሞት የያዘችው የእሱን እጅ ነበር።

ያ ቆርቆሮ ፈርሷል። ፕሮግራሙም ስንት ቋንቋ ቀየረ፤ አሁን ያሉት ልጆች ጫማቸውን አያወልቁም፣ ዳንቴልም አያውቁም። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ግን ሂባ ሻሿን አስተካክላ ትሄድና በር ላይ ቆማ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፦ «ጳጉሜን ያውቃል?» ይስቁባታል። ይሳቁ።

ጳጉሜ ሦስት ሲመጣ ሚፍታህ ጫማውን ከጫማዋ አጠገብ አውልቆ ይገባል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ካልሲው ዛሬም ቀዳዳ አያጣም። መነጽሩን ከፍ አድርጎ እንደዚያን ቀን ያያታል።

«ዘንድሮም አልተወለድሽም» ይላታል።

«ታዲያ ማን ነው ያስቀረህ?» ትለዋለች።