ያልተደመረው ቁጥር

የሒሳብ መምህሩ ቤቱ ውስጥ ካለው ሰሌዳ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ሲገኝ ጠመኔው ገና በጣቶቹ መሃል ነበር። ማጅራቱን በምድጃ ብረት ተመትቷል። ሰሌዳው ላይ 58,314,717 ተጽፏል፤ ከሥሩም «ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም አይካፈልም» ይላል።

ያገኘችው ነርስ የሆነች ልጁ ናት። አስከሬኑ ሲነሳ ጠመኔው ወለሉ ላይ ቀረ። ክፍሉ በምድጃው ግሎ ስለነበር ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት መለየት አቃተው። ጠዋትም ከሰዓትም ሊሆን ይችላል አለ።

መርማሪዋ ሁሉንም ከሰሌዳው ፊት ሰበሰበችና በመምህሩ ወንድም፣ በነርሷ አጎት ጀመረች።

«ጠዋት እዚህ ነበሩ?»

«ወንድሜ አይደል! ስለ ቤቱ ሽያጭ ትንሽ ተጨቃጨቅን፣ ታረቅን። እፊቴ ቁጥሩን ጽፎ ሊያካፍል ሲል ወጣሁ። በቃሉ እያካፈለ መጨረሻውን ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ቀን ሙሉ ይፈጅበታል። እስከ ማታ በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

የፊት ለፊቱን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ ቀጠለች። «ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ አልተነሳሁም፤ በሩ ፊት ለፊቴ ነው። ጠዋት ወንድማቸው ገብተው ወጡ፤ ከምሳ በኋላ ልጃቸው ገባች። ሌላ ዝንብ እንኳ አላለፈም።»

ነርሷ ክው አለች። ከሌሊት ሥራ ዘግይታ መጥታ፣ የሰሌዳውን ክፍል ሳትከፍት ጓዳ ገብታ እስከ ማታ ተኝታ ነበር፤ ይህን ማን ያምናታል? ካቴናው እጇ ላይ ሲገባ ታያት።

«ጋሼ፣ አንተ እንኳ...»

«እኔ ምን አልኩ? ሰሌዳው ነው የተናገረው» አለ አጎትየው።

«እህቴ» አለች መርማሪዋ፣ «አባትሽ ረጅም ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?»

ነርሷ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ተሳስታ ብትናገርስ? «ይደምራል» አለች በመጨረሻ። «የመኪና ታርጋም ቢሆን አኃዞቹን ይደምራል። ድምሩ ለሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል ይለኝ ነበር። ሰሌዳ ላይ ከሆነማ ድምሩን ከሥሩ ሳይጽፍ አያልፍም።»

«እስቲ ደምሪው።»

«አምስትና ስምንት አሥራ ሦስት... አሥራ ስድስት... አሥራ ሰባት... ሃያ አንድ... ሃያ ስምንት... ሃያ ዘጠኝ... ሠላሳ ስድስት።» ድምፅዋ እየቆየ ጠነከረ። «ለሦስት ይካፈላል! ለዘጠኝም!»

«እንግዲያው ከሥር ያለው ውሸት ነው፤ መምህሩ በሕልሙም አይጽፈውም። ከሰዓት በኋላ በሕይወት እንደነበረ ማስመሰል ማንን ይጠቅማል? ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ እዚህ ናት፣ ምን ይረባታል? ልጁማ ገመዱን በገዛ አንገቷ አታጠልቅም። የሚጠቅመው ጠዋት ገብቶ የወጣውን ብቻ ነው።»

«ጽሑፉ የወንድሜ ነው!»

«ፊደል ያስቆጠራችሁ አንድ አባት ነው፤ የእርስዎንም ጽሕፈት ቅድም ቃልዎን በጽሑፍ ሲሰጡ አይቻለሁ፣ ቁርጥ የእሱን ይመስላል። ደግሞ ድምሩ የለም። ለመደመር አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር፤ ያንንም ትንፋሽ አላገኘም። ቁጥሩን ሲጽፍ አጠገቡ ማን እንደነበረ ከአፍዎ ነው የሰማሁት።»

አጎትየው ወደ ሰሌዳው ጠቆመ። «ቤቱን እንሽጥ እያልኩት ጀርባውን ሰጥቶኝ ይጽፋል!» ብሎ ጮኸ። «ሁልጊዜ ቁጥር! ሁልጊዜ ቁጥር!»

ሲወስዱት ነርሷ ዞር ብላ አላየችውም። ፍርሃቱ ሲለቃት ለቅሶው መጣ። ጠመኔውን አነሳች፤ መርማሪዋም ሰሌዳውን ፎቶ አንስታው ስለነበር አልከለከለቻትም። የውሸቱን መስመር በእጅጌዋ ጠረገችና በቦታው 36 ብላ ጻፈች።