ክራንቹ በግራ፣ ሕመሙ በቀኝ

«አመመኝ የምትለው ቀኝ ጉልበቷን፣ ክራንቹን የያዘችው በግራ! መዋሸት እንኳ አታውቅበትም እኮ!»

አለች አጭሯ ድምቡሼ። ከመረቡ ማዶ ሳቅ ፈነዳ። ምሰሶ ሰምታለች። በቁመቷ ምሰሶ ያሏት እነዚሁ የቮሊቦል ቡድኗ ልጆች ናቸው፤ ጆሮዋ ግን እንደ እንጨት የደነቆረ አይደለም። ሰው መቼም ደም ካላየ ሕመም አያምንም። ክራንች በጤነኛው እግር በኩል ሲያዝ ነው ለታመመው ሸክም የሚቀለው፤ ይህን ያሳየቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። ብታስረዳቸው ማን ሊሰማት? የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ጤነኛ እግሯን ታርገፈግፋለች። ኳሱ ወለሉን በመታ ቁጥር ትከሻዋ አብሮ ይነሣል። ይባስ ብሎ ጉልበቷ ዛሬ አያማትም። ቅንጣት ታህል አያማትም! ሐኪሙ ግን የራጅ ፎቶውን እያሳየ አስጠንቅቋታል።

«ጉልበትሽ ውስጥ ያለው አጥንት ደም አንሶት መሳሳት ጀምሯል። በጊዜ ስለደረስንበት ቀዶ ጥገና አያሻውም፤ ዕረፍት፣ ክራንችና የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት ይበቃዋል። ሕመሙ አጥንቱ ሳይድን ቀድሞ ይጠፋል፤ እንዳያሞኝሽ። ከዘለልሽበት ቁራጩ ይላቀቃል፤ ያኔ መቅደዳችን አይቀርም።»

ተጋጣሚዎቹ በበሩ ሲገቡ አሠልጣኙ እየተጣደፈ መጣ።

«ምሰሶዬ፣ አሁን ያምሻል?»

«አሁንስ አያመኝም፣ ኮች።»

«እሰይ የኔ ልጅ! በይ አንድ ዙር ብቻ ግቢልኝ። በቦታሽ የምትገባው ያቺ ድምቡሼ እንደሆነች መረቡ ጫፍ አትደርስም። ልጆቹም አካበደች ማለታቸውን ይተዋሉ።»

አንዲት ዙር ምን ታደርጋለች? ክራንቹን አግዳሚው ላይ አስደግፋ ብድግ አለች።

«ይኸው! አላልኳችሁም?» ብላ ጮኸች ድምቡሼ። «ስትፎግረን ነው የከረመችው!»

ምሰሶ ባለችበት ቀረች። ለካ ብትዘል ውሸታም፣ ባትዘልም ውሸታም! ታዲያ ለማን ብላ ነው አጥንቷን የምትገብረው?

ተመልሳ ተቀመጠች።

«አልገባም፣ ኮች።»

«አያመኝም አላልሽም እንዴ?»

«አያመኝም። አልዳነም ግን።»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ? ሲያዩሽ ደህና ነሽ።»

ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም።

«እንግዲያው ነገ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ አብረውኝ ይምጡ። ፎቶውን በገዛ ዓይንዎ ይዩት። ከዚያ ለልጆቹ የሚነግሯቸው እርስዎ ነዎት፤ እኔስ መማል ሰልችቶኛል።»