ገደቢስ የተባለው ሾፌር

የሠፈሩ የታክሲ ሾፌሮች አንድ የሚፈሩት ሰው ነበራቸው። የተጋጨ መኪና የሚጎትት ትልቅ ቢጫ መኪና ይነዳል። ጠዋት እሱን ያየ ባለታክሲ «ዛሬስ መጋጨቴ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስም አውጥተውለታል፦ ገደቢስ።

አንዲት የባለታክሲ ልጅ ነበረች፤ ጎሚስታ ቤት ጎማ ትጠግናለች። አንድ ቀን ገደቢስ ጎማው ተንፍሶበት መጣና በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?»

«ደንበኞችሽ እንዳይሸሹብሽ ብዬ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጎማው ደህና ሆኖም ይመጣ ጀመር፤ ሁልጊዜ ግን በጓሮ በኩል፣ ሰው እንዳያየው እየተሳቀቀ።

ልታገባው እንደሆነ ስትነግረው አባቷ ከመቀመጫው ተነሳ።

«እኔ በቁሜ አይሆንም! ባለፈው ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ አየሁት፤ ወዲያው ከኋላ ተገጨሁ።»

«አባዬ፣ አይተኸው በሰላም የገባህበት ቀንስ የለም?»

«እሱን ደግሞ ማን ያስታውሳል!»

«ይኸው እኮ ነው! እዚያ የሚቆመው መኪና የሚጋጨው እዚያ ስለሆነ ነው። እሱ ስለቆመ አይደለም።»

«እሱን ካገባሽ እዚህ ቤት እንዳትደርሺ!»

ሌሊቱን አልቅሳ አነጋች። አባቷ ያለውን ስትነግረው ልጁ ፊቱ ጠቆረ።

«ሥራውን ልተወው?»

«ምን አጥፍተህ? ነገ በጓሮ እንዳትመጣ። በታክሲ ተራው በኩል፣ ፊት ለፊት ና!»

በማግስቱ ቢጫው መኪና ብቅ ሲል ተራው ተተራመሰ። «መጣ! መጣ!» እያሉ ሾፌሮቹ ተሽቀዳድመው ወጡ። አባቷም ሞተር ሲያስነሳ ሄዳ ከፊቱ ተገተረች።

«ከሄድክ እኔን ገጭተህ ሂድ።»

የአባቷ እጅ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። እሷ ሰው ሁሉ እያየ ቢጫው መኪና ላይ ወጥታ ከልጁ ጎን ተቀመጠች። ታክሲ ያጣው ተሳፋሪ የአባቷን መኪና ግጥም አድርጎ ሞላው፤ ምን ያድርግ፣ ነዳ።

ማታ እየሳቀ ገባ።

«እንደ ዛሬ ሠርቼ አላውቅም! ልጁ ለካ ገደኛ ነው። ነገም ይምጣልኝ።»

«ገደኛም ገደቢስም አይደለም፣ አባዬ። ሌሎቹ ስለሸሹ ነው የሞላልህ። እሱ ሾፌር ነው፤ ዓይን አፋር ሾፌር። ነገ ብትጋጭም አገባዋለሁ።»

አባቷ ጫማውን አወለቀ፣ ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ።

«ከተጋጨሁ ግን» አለ በመጨረሻ፣ «አማቼ በነፃ ነው የሚጎትተኝ።»